መርስ ከኒንግሃም፦ ጉልበቱ እምቢ ሲለው በኮምፒውተር ያስጨፈረው ሰውዬ

ባለፈው የሰርግ ሰሞን ዱርቤቴ፣ አንድ ዳስ ውስጥ ነበርኩ። ከመሰንቆው ፊት ለፊት፣ መደቡ ላይ አንድ አባት ተቀምጠዋል። ዕድሜያቸው ሰማንያን ሳይዘል አይቀርም። ጉልበታቸው እምቢ ስላላቸው ልጆቻቸው ደግፈው ነው ያስገቧቸው። መሰንቆው ሲሞቅ ግን ከመደቡ ሳይነሱ ትከሻቸው ብቻውን ሥራ ጀመረ። እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነው፣ ከወገብ በታች ንቅንቅ የለም፣ ከአንገት በታች ግን እሳት! ዳሱ በእልልታ ተናጋ፤ ወጣቱ በሙሉ ስልኩን አወጣ።

አጠገቤ የነበረ ልጅ ከእነዚያ ሰውን ወደ ካርቱን ከሚቀይሩ አፖች አንዱን ከፍቶ ቀረጻቸው። ስክሪኑ ላይ የሚያምር አቫታር መጣ። አቫታሩ ምን ሲያደርግ ነበር መሰላችሁ? ምንም! ዝም ብሎ ቁጭ ብሏል። ያ ሁሉ እስክስታ የት ገባ? ልጁ ሳቅ ብሎ ስልኩን ኪሱ ከተተው። እኔን ግን ነገሩ ሲከነክነኝ ከረመ።

ሲከነክነኝ ደግሞ ስለ አንድ አሜሪካዊ ዳንሰኛ ያነበብኩት ነገር ትዝ አለኝ። መርስ ከኒንግሃም ይባላል። እሱም በስተርጅና እግሩ ከድቶታል፣ እሱም ቁጭ ብሎ ጨፍሯል። ልዩነቱ፣ እሱን የቀረጹት ሰዎች የት ማየት እንዳለባቸው ያውቁ ነበር። ሰውዬው ከሞተ አሥራ ምናምን ዓመት አልፎታል። ዛሬ በሞሽን ካፕቸር እና በአቫታር የሚሠራ የዳንስ ጥበብ ሲነሳ ግን ስሙ ሳይጠራ አይታለፍም። ታሪኩን ከሥሩ ልንገራችሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ከኒንግሃም የተወለደው በ1919፣ ሚያዝያ 16፣ በዋሽንግተን ግዛት ሴንትሬሊያ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ዋሽንግተን ስላችሁ ዋይት ሀውስ ያለባት እንዳትመስላችሁ፤ ከሀገሪቱ ሌላኛው ጫፍ፣ ከፓስፊክ ውቅያኖስ በኩል ያለችው ግዛት ነች። አባቱ ጠበቃ ነበር። ሁለቱ ወንድሞቹም የአባታቸውን መንገድ ይዘው ወደ ሕግ ገቡ። የመሀል ልጅ የሆነው መርስ ግን ዳንስ አለ። እኛ አካባቢ ቢሆን ኖሮ ሽማግሌ ሳይላክበት አይቀርም። አባቱ ግን የከለከለው አይመስልም።

የመጀመሪያ አስተማሪው ሞድ ባሬት የምትባል ሴት ነበረች። ድሮ በየከተማው እየዞሩ ትርኢት ከሚያሳዩ ቡድኖች ጋር የሠራች፣ መድረክ የለመደች ሴት ነች። ጫማን ከወለል ጋር እያጋጩ የሚጨፈረውን ታፕ ዳንስ ያስተማረችው እሷ ናት። ከእሷና ከልጇ ጋር ሆኖም ትንንሽ ትርኢት ያሳይ ነበር። ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላ እንኳን ስለ ምት የሚያውቀውን ከእሷ እንደተማረ ይናገር ነበር።

በ1937 ሲያትል ወደሚገኘው ኮርኒሽ ትምህርት ቤት ገባ፤ የገባው ተዋናይ ሊሆን ነበር። እዚያ ዳንሱ አሸነፈው። በ1938 ደግሞ ለዳንስ ክፍሉ ሙዚቃ የሚጫወት አንድ ወጣት ተቀጠረ። ስሙ ጆን ኬጅ ነው። ያ ልጅ በኋላ የሃያኛው ክፍለ ዘመንን ሙዚቃ ካናወጡት አንዱ ሆኗል። የከኒንግሃም የሥራም የሕይወትም አጋር ሆኖ እስኪሞት ድረስ አብረው ቆዩ።

ቀጥሎ ኒውዮርክ። በ1939 የዘመኑ የዳንስ ንግሥት ማርታ ግራሃም አየችውና ወደ ቡድኗ ጠራችው። በሴቶች ብቻ በተሠራው በዚያ ቡድን ውስጥ ሁለተኛው ወንድ እሱ ነበር። ዝላዩ ጉድ ነው ይባላል፤ አየር ላይ የሚቆይ የሚመስል ዓይነት። በ1944 ግራሃም በሠራችው ትልቅ ሥራ፣ አፓላቺያን ስፕሪንግ ላይ ሰባኪውን ሆኖ የሠራው እሱ ነው። በ1945 ግን ለቆ ወጣ። ግራሃም እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ታሪክና ስሜት እንዲናገር ትፈልጋለች። እሱ ደግሞ እጅ ሲነሳ፣ እጅ ተነሳ ነው፤ ሌላ ትርጉም ለምን ይሸከማል የሚል ሰው ሆነ።

በ1953 ክረምት ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ብላክ ማውንቴን በሚባል ኮሌጅ የራሱን የዳንስ ቡድን መሠረተ። ገንዘብ አልነበራቸውም። ከከተማ ከተማ የሚዞሩት በአንዲት ቮልስዋገን ሚኒባስ ነበር። ዳንሰኛው፣ ሙዚቀኛው፣ ሠዓሊው፣ ዕቃው፣ ሁሉም እዚያች ውስጥ ነው። ስለ መኪናዋ አንድ የምወደው ነገር አለ። ጆን ኬጅ እንጉዳይ መልቀም ነፍሱ ነበር። በ1959 ጣሊያን ሀገር የቴሌቪዥን የጥያቄና መልስ ውድድር ላይ ቀርቦ ስለ እንጉዳይ የተጠየቀውን ሁሉ መለሰና አሸነፈ። በሽልማቱ ገንዘብ ለራሱ ፒያኖ፣ ለቡድኑ ያችን መኪና ገዛ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ከኒንግሃም ከሌላው የሚለየው በሁለት ሐሳብ ነው። ሁለቱም መጀመሪያ ሲሰሟቸው እብደት ይመስላሉ።

አንደኛው፣ ዳንስና ሙዚቃን አፋታቸው። ዳንሱ ለብቻው ይዘጋጃል፣ ሙዚቃው ለብቻው። የሚገናኙት መድረክ ላይ ነው። ዳንሰኞቹ ብዙ ጊዜ ሙዚቃውን የሚሰሙት ለመጀመሪያ ጊዜ ከተመልካቹ ጋር እኩል ነበር። ልምምድ ላይ የሚይዙት ሰዓት እንጂ ከበሮ አይደለም። ለእኛ ሰው ይሄ ሊዋጥ አይችልም፤ መሰንቆ ሳይመታ ማን ትከሻውን ይነቀንቃል? እውነቱን ለመናገር እኔም ቪዲዮዎቹን ሳይ መጀመሪያ ላይ ደብሮኝ ነበር። ሦስተኛው ላይ ነው ዓይኔ የተከፈተው። ሙዚቃው የት ጋ እንደሚመታ መጠበቅ ሳቆም ሰውነቱን ማየት ጀመርኩ።

ሁለተኛው ሐሳብ ዕጣ ነው። የትኛው እንቅስቃሴ ይቅደም፣ ስንት ሰው ይግባ፣ በየት በኩል ይሂድ የሚለውን ሳንቲም እየወረወረ ይወስን ነበር። ይሄን ያደረገው ስንፍና ይዞት እንዳይመስላችሁ። የሰው ጭንቅላትም ሰውነትም የለመደውን ነው የሚመርጠው። ዕጣው ግን ማንም አስቦት የማያውቅ ነገር ያወጣል። ካወጣ በኋላ ደግሞ ያንን የማይመች ነገር በሰውነት መፈጸም የግድ ነው። ቀላል አይደለም፤ ዳንሰኞቹ ላባቸውን አፍስሰውበታል። ይሄን ነገር ያዙት፣ ኮምፒውተሩ ጋ ስንደርስ እንመለስበታለን።

ቴክኖሎጂ የጀመረው ኮምፒውተር ከመምጣቱ በፊት ነው። በሐምሌ 1965 ኒውዮርክ ሊንከን ሴንተር ውስጥ ቫሪየሽንስ ፋይቭ የሚባል ሥራ አቀረቡ። መድረኩ ላይ እዚህም እዚያም ረጃጅም የብረት አንቴና ተተክሏል። ዳንሰኛው ሲጠጋቸው ወይም ሲርቃቸው ድምፁ ይቀየራል። ብርሃን የሚለኩ መሣሪያዎችም ነበሩ፤ ዳንሰኛ ብርሃኑን ሲያቋርጥ ሌላ ድምፅ ይነሳል። አንቴናዎቹን የሠራው በስሙ የሚጠራው የኤሌክትሮኒክ የሙዚቃ መሣሪያ አባት፣ ሮበርት ሙግ ነው። ከኋላ ግድግዳው ላይ ፊልም ይታያል። በ1965 ነው እንግዲህ! የሰውነት እንቅስቃሴ ማሽን እያዘዘ፣ ተመልካቹ በድምፅና በምስል ተከቦ። ዛሬ ኢመርሲቭ አርት እያሉ ቲኬት የሚሸጡበት ነገር ያኔ በሽቦና በቴፕ ተሞክሯል።

በሰባዎቹ ካሜራ ውስጥ ገባ። ቻርልስ አትላስ ከሚባል ፊልም ሠሪ ጋር ሆኖ ለካሜራ ብቻ የተዘጋጁ ዳንሶች መሥራት ጀመረ። መድረክ ተመልካቹ ጋ ሲደርስ ይሰፋል፣ የካሜራ ሜዳ ግን ከሌንሱ እየራቀ ሲሄድ ነው የሚሰፋው። ቲክቶክ የሚሠራ ሰው ይሄን ሳይነገረው ያውቀዋል፤ ከስልኩ አጠገብ ከሆንክ ቦታ የለህም። እሱ ከሃምሳ ዓመቱ በኋላ ቁጭ ብሎ ተማረው።

ከዚያ እርጅናው መጣ።

የመገጣጠሚያ በሽታ ያዘው። በዝላዩ የታወቀው ሰውዬ እግሩ ላይ እየጠነከረ የሚሄድ ሕመም ነበር። ዳንስ ፈጣሪ እንዴት ነው የሚሠራው? ራሱ ተነስቶ ያሳያል፣ ልጆቹ ያንን ይደግማሉ። ማሳየት ካልቻለስ? ብዙዎቹ እዚህ ጋ ነው የሚያቆሙት። በእኛም ሀገር እስክስታውን አሳምሮ የሚያውቅ ሰው ጉልበቱ ሲደክም ጥግ ይዞ ይቀመጣል። ካልተጠየቀ የሚያውቀውን ይዞት ይሄዳል።

ከኒንግሃም በ70 ዓመቱ፣ በ1989 ገደማ፣ ኮምፒውተር ፊት ተቀመጠ። ካናዳ ውስጥ ሳይመን ፍሬዘር ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ላይፍ ፎርምስ የሚባል ሶፍትዌር ነበር። ስክሪኑ ላይ በቀለበት በቀለበት የተሠራ፣ የሽቦ አሻንጉሊት የሚመስል ሰው አለ። አንድ አቋም ትሰጠዋለህ፣ ቀጥሎ ሌላ አቋም ትሰጠዋለህ፣ መሀሉን ኮምፒውተሩ ይሞላዋል። ኮምፒውተሩ ግን ጉልበት ስለሚባል ነገር አያውቅም። ስለ ሚዛንም አያውቅም። እና አንዳንዴ መሀሉን ሲሞላ ሰው ሊያደርገው የማይችል ነገር ያወጣል። ሌላ ሰው ቢሆን ተበላሸ ብሎ ያጠፋዋል። ሳንቲም እየወረወረ አርባ ዓመት የሠራ ሰው ግን እንዲህ ዓይነት ነገር ሲያይ ደስ ይለዋል። ይሄ አይቻልም የሚለውን ወደ ልምምድ ክፍል ይዞት ይሄድና ልጆቹን ሞክሩት ይላቸዋል። አንዳንዱ አይሆንም። አንዳንዱ ግን በትንሽ ማስተካከያ ይሆናል፤ ያ ደግሞ ማንም አይቶት የማያውቅ እንቅስቃሴ ነው።

አሠራሩም ተቀየረ። መጀመሪያ እግሩን ብቻ ይሠራል። ከዚያ ለብቻው እጁን። ከዚያ ወገብና ደረቱን። በመጨረሻ አንድ ላይ ያደርጋቸዋል። ዳንሰኞቹ እግርን ከእጅ፣ እጅን ከጀርባ ለያይተው መማር ነበረባቸው። እስክስታ የሚችል ሰው ይሄ የት እንዳለ ያውቃል፤ ትከሻ ሌላ፣ አንገት ሌላ፣ እግር ሌላ ሥራ ላይ ነው።

በዚህ መንገድ የተሠራው የመጀመሪያው ዳንስ በ1991 የወጣው ትራከርስ ነው። እሱም ራሱ መድረኩ ላይ ነበር። ዳንሰኞች ለልምምድ የሚይዙትን የብረት ድጋፍ ይዞ ወጣ፤ ድጋፉን እያንቀሳቀሰ፣ እሱን እየተመረኮዘ ጨፈረ። የመርጃ ብረቱን የዳንሱ አካል አደረገው። በዓመቱ፣ በነሐሴ 1992፣ ጆን ኬጅ ሞተ። ከኒንግሃም ልምምዱን አላቋረጠም።

በ1994 ብራስልስ ላይ ኦሽን የሚባለውን አሳየ፤ ሐሳቡ ከኬጅ ጋር የጀመሩት ነበር። መድረኩ ክብ ነው፣ ተመልካቹ ዙሪያውን ይከበዋል፣ ከመቶ በላይ ሙዚቀኞች ደግሞ ተመልካቹን ከኋላ ይከቡታል። ፊትና ኋላ የሚባል ነገር የለም። ሰርግ ቤት ክብ ሠርተን እንደምንቆመው በሉት፤ ሙዚቀኛው ብቻ ከመሀል ወደ ውጪ ወጥቷል።

ሞሽን ካፕቸሩ የመጣው በ1997 ነው። ፖል ካይዘር እና ሼሊ ኤሽካር የሚባሉ ሁለት አርቲስቶች ወደ እሱ መጡ። ቴክኒኩ እንዲህ ነው፦ ዳንሰኛው ልብሱ ላይ፣ መገጣጠሚያዎቹ ጋ፣ ብርሃን የሚመልሱ ትንንሽ ኳሶች ይለጠፉበታል። ዙሪያውን ካሜራዎች አሉ። ካሜራዎቹ ሰውዬውን አያዩም፣ ኳሶቹን ብቻ ነው የሚያዩት። አንዱን ኳስ ቢያንስ ሁለት ካሜራ ካየው ኮምፒውተሩ በቦታው ውስጥ በትክክል የት እንዳለ ያሰላል። ይሄን በሰከንድ ብዙ ጊዜ ይደጋግመዋል። በመጨረሻ እጅህ ላይ የሚቀረው ፊት የሌለው፣ ሥጋ የሌለው፣ ልብስ የሌለው ነገር ነው፤ የሚንቀሳቀሱ ነጥቦች ብቻ። ቁጥር ነው በቃ።

የሚገርመው፣ በዚያ ቁጥር ውስጥ ሰውዬው አለ። ኳሶቹ የለበሱትን ዳንሰኞች የሚያውቅ ሰው ነጥቦቹን ብቻ አይቶ ማን እንደሆነ ይለያል። እናታችሁን ከሩቅ በአካሄዷ እንደምትለዩት ማለት ነው።

ኤሽካር የእርሳስና የጠመኔ ሥዕል የሚመስሉ አካላት ሣለና በእነዚያ ነጥቦች ላይ አለበሳቸው። በ1998 ኦርላንዶ፣ በየዓመቱ በሚደረገው ትልቁ የኮምፒውተር ግራፊክስ ጉባኤ ላይ፣ ሃንድ ድሮን ስፔስስ ተብሎ ታየ። ሦስት ትልልቅ ስክሪን ናቸው። በሰው ቁመት ልክ የተሣሉ ዳንሰኞች ከአንዱ ስክሪን ወደ ሌላው ይሻገራሉ፣ ጨለማው ውስጥ ይጠፋሉ፣ ተመልካቹን አልፈው የሄዱ ይመስላሉ።

በሚያዝያ 1999፣ ሰውዬው 80 ዓመት በሞላው ሰሞን፣ ካሊፎርኒያ በርክሊ ላይ ባይፐድ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። ስሙን የወሰደው ሁለት እግር ያላቸውን አካላት ለማንቀሳቀስ ከተጠቀሙበት ሶፍትዌር ነው። ይሄን ሥራ በቪዲዮ ማግኘት ትችላላችሁ፤ ዳታ ካላችሁ እዩት። መድረኩ ፊት ለፊት በጣም ስስ መጋረጃ ተሰቅሏል። ከኋላው እውነተኛ ዳንሰኞች የሚያብለጨልጭ ልብስ ለብሰው ይጨፍራሉ። መጋረጃው ላይ ደግሞ የተሣሉት ግዙፍ አካላት ይወርዳሉ፣ ይዘላሉ፣ ወደ መስመርና ነጥብ ይበተናሉ። ዓይንህ መጋረጃውን ስለማያየው አቫታሮቹ አየር ላይ፣ በሰዎቹ መሀል የሚንሳፈፉ ይመስላሉ። ዳንሰኞቹም ከመድረኩ ጀርባ ካለው ጨለማ ብቅ ብለው ተመልሰው ይጠፋሉ፤ እነሱም የተሣሉ እስኪመስሉ ድረስ። ሙዚቃውን የሠራው እንግሊዛዊው ጋቪን ብራየርስ ነው። ወደ 45 ደቂቃ ይሄዳል።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ዳንሱ ዝም ብሎ በቪዲዮ ተቀርጾ ኤፌክት አልተደረገበትም። ቪዲዮ በአንድ በኩል ያየውን ነው የሚይዘው። ሞሽን ካፕቸር እንቅስቃሴውን ራሱን ነው የሚያወጣው፤ ከዚያ በየትኛውም በኩል ዞረህ ማየት፣ በሌላ አካል ላይ ማልበስ ትችላለህ። ዳሱ ውስጥ የነበረው አፕ ያቃተው ይሄ ነው። አብዛኞቹ የስልክ አፖች ትከሻን የሚያውቁት በሁለት ነጥብ ነው፤ አንድ ለግራ፣ አንድ ለቀኝ። እስክስታ ግን ከእነዚያ ነጥቦች በታች ነው ያለው፤ ከጀርባ ትከሻ አጥንት፣ ከደረት፣ ከአንገት ሥር። ለእግር ኳስ ዝላይና ለሂፕ ሆፕ እጅ የተሠራ ዓይን ያንን እንደ መንቀጥቀጥ ይቆጥረዋል። መንቀጥቀጥ ደግሞ ሶፍትዌሮቹ ስህተት ነው ብለው የሚያለሰልሱት ነገር ነው። አባባን ድንጋይ ያደረጋቸው ይሄ ይመስለኛል።

የከኒንግሃም ሰዎች ምን አደረጉ? ሰውዬው ምን እንደቀረው አዩ። በ80 ዓመቱ፣ በ1999 ክረምት፣ ከታላቁ የባሌ ዳንሰኛ ሚካይል ባሪሽኒኮቭ ጋር ሊንከን ሴንተር ላይ ወጥቶ ነበር፤ ብረቱን ተደግፎ። እግሩ ብዙም አልነበረም። እጁ ግን ነበር። በ1971 ለራሱ የሠራው ሉፕስ የሚባል ዳንስ ነበረው፤ በኋላ ላይ ይሄን ዳንስ በእጅና በጣቶች ብቻ ይሠራው ነበር። ለማንም አስተምሮት አያውቅም። ከእሱ ጋር የሚቀበር ዳንስ ነበር ማለት ነው።

ኳሶቹን ጣቶቹ ላይ ለጠፉለት። ሽማግሌው ቁጭ ብሎ ጨፈረ፣ ካሜራዎቹ ያዙት። ከዚያ ማርክ ዳውኒ የሚባል ፕሮግራመር ተጨምሮ በ2001 ከኤምአይቲ ሚዲያ ላብ ጋር የዲጂታል ሥራ ወጣ። ስክሪኑ ላይ የሚታየው እጅ አይደለም፤ ከነጥብ ወደ ነጥብ የሚዘረጉ ክሮች ናቸው፣ ልጆች በጣታቸው ላይ ክር ጠላልፈው እንደሚጫወቱት። ኮምፒውተሩ ክሮቹን በቅጽበት እየወሰነ ስለሚዘረጋቸው አንዱ ዕይታ ከሌላው አይደገምም። ከሥር የሰውዬው ድምፅ ይሰማል፤ በ1937 ለመጀመሪያ ጊዜ ኒውዮርክን ሲያይ የጻፈውን ማስታወሻ ያነባል። የወጣት ልጅ ቃል፣ በሽማግሌ አፍ፣ በሽቦ ጣቶች።

በ2008 ደግሞ ዳንሱን ለዓለም ለቀቁት። የሞሽን ካፕቸሩ ዳታ፣ ሶፍትዌሩም ጭምር፣ ማንም አውርዶ የራሱን ሥራ እንዲሠራበት ክፍት ሆነ። እኔን በጣም ያስደነቀኝ ይሄ ነው። ዳንሱን ለማንም ሳያስተምር ከሠላሳ ዓመት በላይ የያዘ ሰው በስተመጨረሻ ለማያውቀው ሰው ሁሉ ሰጠው።

እዚህ ላይ ጥያቄ አለ፤ እኔም መልሱን አልጨረስኩትም። እሱ ሲሰጥ ስሙ አብሮ ነው የሄደው፣ ፈቃዱም ተጠይቋል። የእኛ ሀገር ጭፈራ ነገ በአንድ የጌም ኩባንያ አቫታር ላይ ቢለበስ ከማን ሰውነት እንደተወሰደ ማን ይጽፋል? የያሬድ ዜማ ምልክት አለው፤ ይዘቱ፣ ደረቱ፣ ጭረቱ፣ ርክርኩ በብራና ላይ ተጽፎ ስለቆየ ማን ምን እንዳለ ይታወቃል። የአቸፈር፣ የቡሬ፣ የፍኖተ ሰላም እስክስታ ግን የተጻፈው በሰው ትከሻ ላይ ብቻ ነው።

ወደ ሰውዬው ልመለስ። ሰማንያ ካለፈው በኋላም የወጣቶቹን ነገር አልጠላም። በ2003 ሬዲዮሄድ እና ሲጉር ሮስ የተባሉት የሮክ ባንዶች ለእሱ ዳንስ ሙዚቃ ሠሩ። የትኛው ይቅደም የሚለውም በዕለቱ መድረክ ላይ ዳይ ተጥሎ ተወሰነ። በ2006 አይስፔስ በሚባለው ሥራ ደግሞ ለተመልካቹ አይፖድ ታደለ። ሙዚቃው ሸፍል ላይ ነው፤ አንተ የምትሰማው ሌላ፣ አጠገብህ ያለው የሚሰማው ሌላ፣ ዳንሱ ግን አንድ። ስማርት ስልክ ገና ሳይስፋፋ ነው ይሄ። ቤቱ ውስጥ ጠዋት ጠዋት እንስሳትን በቀለም ይሥል ነበር። ልምምድ ክፍል በዊልቸር ይገባል፣ ልጆቹን በጣቱና በአፉ ያዝዛል።

ሚያዝያ 16፣ 2009፣ ልክ 90 ዓመት በሞላው ቀን፣ ብሩክሊን ላይ ኒርሊ ናይንቲ የተባለው አዲስ ሥራው ታየ። በሰኔ ደግሞ እሱ ከሞተ በኋላ ምን መደረግ እንዳለበት የሚገልጽ ዕቅድ ይፋ ሆነ። ቡድኑ ሁለት ዓመት ዓለምን ይዙር፣ ከዚያ ይበተን። ዳንሰኞቹ ሌላ ሥራ እስኪያገኙ መቋቋሚያ ይሰጣቸው። ከ80 በላይ ሥራዎቹ፣ ቪዲዮው፣ ማስታወሻው፣ የመብራትና የልብስ ዝርዝሩ ሳይቀር በዲጂታል ተሰንዶ ይቀመጥ። ሐምሌ 26 ቀን 2009 ኒውዮርክ፣ ቤቱ ውስጥ ሞተ።

ቡድኑ ቃሉን ጠበቀ። የመጨረሻው ትርኢት ታኅሣሥ 31 ቀን 2011 ኒውዮርክ ፓርክ አቬኑ አርመሪ በሚባለው ሰፊ አዳራሽ ነበር። ሦስት መድረክ ተሠራ፤ ሦስቱም ላይ እኩል ይጨፈራል፤ ሰዉ በመሀላቸው እየተዘዋወረ የፈለገውን ያያል። ሲያልቅ መብራቱ ጠፋና በዚያው ተበተኑ።

ይሄን ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ዳሱ ውስጥ አጠገቤ ለነበረው ልጅ ደወልኩለት። አቫታር የሌለበትን፣ ዋናውን የአባባን ቪዲዮ እንዲልክልኝ ፈልጌ ነበር። ስልኩን አገላብጦ ፈለገ። አፑ ዋናውን አያስቀምጥም ኖሯል። የቀረው 40 ሰከንድ የማይሞላ፣ መደብ ላይ ዝም ብሎ የተቀመጠ ካርቱን ነው።